ምክር ብቻውን መርሐ ግብር አይሆንም፦ ለደም ግፊት ሕሙማን በሚታዘዘው የአኗኗር ለውጥ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

የደም ግፊት ታካሚ ካርድ ሲገለጥ፣ ከመድኃኒቱ ስም ግርጌ ብዙውን ጊዜ አንድ መስመር ተጽፎ ይገኛል፤ «ጨው እንዲቀንስ፣ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ተመክሯል» ይላል። በቀጣዩ ቀጠሮ ግፊቱ ሳይወርድ ከቀረ ሌላ መስመር ይታከላል፤ «ምክሩን አልተከተለም»። በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ምን እንደተሠራ፣ ማን ምን እንዳስተማረና ታካሚው በቤቱ ምን እንደገጠመው ግን ካርዱ የሚናገረው ነገር የለም።

የአኗኗር ለውጥ የደም ግፊትን እንደሚቀንስ የሚጠራጠር ባለሙያ ዛሬ አይገኝም። ጨው መቀነስ፣ ትርፍ ክብደትን ማውረድ፣ አትክልትና ፍራፍሬ መመገብ፣ አዘውትሮ መንቀሳቀስና አልኮልን መተው ወይም መቀነስ በብሔራዊም ሆነ በዓለም አቀፍ መመሪያዎች ሁሉ የሰፈሩ ናቸው። አከራካሪው ጉዳይ ሌላ ነው። መመሪያዎቹ የተመሠረቱባቸው ጥናቶች የፈተኑት መርሐ ግብርን ሲሆን፣ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ለታካሚው የሚደርሰው ምክር ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ የአንዱ ውጤት ከሌላው ይጠበቃል፤ ውጤቱ ሲጠፋም ተጠያቂ የሚደረገው ታካሚው ነው። ይህ ዳሰሳ ልዩነቱ ከየት እንደመጣና ምን ያህል ሊጠብ እንደሚችል ይመረምራል።

ቁጥሮቹ የተገኙበት ወጥ ቤት

በመስኩ ስሙ ዘወትር የሚነሳው «ዳሽ» ተብሎ የሚታወቀው የአሜሪካ ጥናት ነው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን 459 ጎልማሶች ተሳትፈውበታል። አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት፣ ቅባቱ የተቀነሰ የወተት ተዋጽኦ ያለበት፣ እንደ ጮማና ቅቤ ያለ ቅባት ያነሰበት ምግብ ለ8 ሳምንታት የተመገቡት ተሳታፊዎች፣ የተለመደውን የአሜሪካ አመጋገብ ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ5.5፣ የታችኛው ደግሞ በ3.0 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ብሏል። ቀድሞውኑ ከፍተኛ ግፊት በነበራቸው 133 ሰዎች ላይ ቅናሹ 11.4 እና 5.5 ደርሷል። ይህ አንድ የግፊት መድኃኒት ከሚያስገኘው ቅናሽ የማይተናነስ ነው።

ቁጥሩ በሰፊው የታወቀውን ያህል የተገኘበት መንገድ አይታወቅም። የዳሽ ተሳታፊዎች ምግባቸውን ራሳቸው አልገዙም፤ አላበሰሉምም። ምግቡ በጥናቱ ወጥ ቤቶች ተመዝኖ ይዘጋጅላቸው ነበር፤ በሥራ ቀናት አንዱን ገበታ በጥናቱ ማዕከል ተቀምጠው ይመገቡ፣ ቀሪውን ታሽጎላቸው ወደ ቤታቸው ይወስዱ ነበር። የሰውነት ክብደታቸውና የሚወስዱት ሶዲየም ሳይለወጥ እንዲቆይ በጥንቃቄ ክትትል ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ቀጣዩ ጥናትም 412 ሰዎችን በሦስት የተለያዩ የጨው መጠኖች እያፈራረቀ፣ እያንዳንዱን ለ30 ቀናት ሲፈትን ያው ምግብን አዘጋጅቶ የማቅረብ ስልት ተከትሏል። ከፍተኛ ግፊት በነበራቸው ላይ ዝቅተኛ ጨው ያለው የዳሽ ምግብ፣ ከፍተኛ ጨው ካለው የተለመደ ምግብ ጋር ሲነጻጸር፣ የላይኛውን ግፊት በ11.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቀንሷል።

እንግዲህ እነዚህ ጥናቶች የመለሱት «ሰው ይህን ቢመገብ ግፊቱ ይወርዳል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። መልሱም አዎን ነው። «ሰው ይህን እንዲመገብ ቢነገረው ይመገባል ወይ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በተመላላሽ ክፍል ወንበር ላይ የተቀመጠው ባለሙያ በየዕለቱ የሚጋፈጠውም ይኸኛውን ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ ይዞ ሁለተኛውን እንደመለሱ መቁጠር የአስተሳሰብ ስሕተት ነው።

ምግቡ ቀርቶ ምክሩ ሲቀር

ሁለተኛውን ጥያቄ በቀጥታ ከፈተኑት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ የታተመው «ፕሪሚየር» ነው። መድኃኒት ያልጀመሩ 810 ሰዎች በሦስት ተመደቡ። የመጀመሪያዎቹ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ለ30 ደቂቃ ያህል ተገናኝተው ምክር ብቻ ተቀበሉ። ሁለተኛዎቹ በስድስት ወር ውስጥ 14 የቡድንና 4 የግል፣ በድምሩ 18 ስብሰባዎችን ተካፍለው ክብደትን፣ ጨውን፣ እንቅስቃሴንና አልኮልን የተመለከተ ሥልጠና ወሰዱ፤ የበሉትንና የተንቀሳቀሱትንም በየዕለቱ መዘገቡ። ሦስተኛዎቹ በዚሁ ላይ የዳሽ አመጋገብ ተጨመረላቸው።

በስድስተኛው ወር የላይኛው ግፊት ቅናሽ፣ ምክር ብቻ ከተሰጠው ቡድን ጋር ሲነጻጸር፣ በሁለተኛው ቡድን 3.7፣ በሦስተኛው 4.3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆኖ ተገኘ። ሲጀመር ከተሳታፊዎቹ 38 በመቶ የሚሆኑት ከፍተኛ ግፊት የነበራቸው ሲሆን፣ ከስድስት ወር በኋላ ይህ ድርሻ በምክር ቡድኑ 26፣ በሥልጠና ቡድኑ 17፣ ዳሽ በተጨመረበት ቡድን 12 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ ትርጉም ያለው ነው። ነገር ግን ከዚህ ውጤት ሦስት ነገሮችን ሳይዘሉ ማንበብ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ምግቡ በነጻ ሲቀርብ ከ11 ሚሊ ሜትር በላይ የነበረው ቅናሽ፣ ሰዎች ምግባቸውን ራሳቸው መርጠው እንዲያበስሉ ሲደረግ በእጅጉ አንሷል። የሁለቱ ጥናቶች ተሳታፊዎችና የማነጻጸሪያ ቡድኖች አንድ ዓይነት ባይሆኑም፣ 18 ስብሰባ የወጥ ቤቱን ቦታ ሙሉ በሙሉ እንዳልተካ ግልጽ ነው። ሁለተኛ፣ በአሥራ ስምንተኛው ወር በቡድኖቹ መካከል የነበረው የግፊት ልዩነት ጠብቦ በስታቲስቲክስ አስተማማኝነቱን አጥቷል። ስብሰባዎቹ ሲሳሱ ውጤቱም ሳስቷል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ምክር ብቻ የተሰጠው ቡድን ግፊትም ከመነሻው 6.6 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ይህ ለምክር ተሟጋቾች ደስታ ሊሰጥ ቢችልም፣ የጥናት ተሳታፊ ፈቅዶና ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው መሆኑ፣ መለኪያውን መልመዱና ከፍ ብሎ የተለካ ግፊት በድጋሚ ሲለካ ወደ አማካዩ የማዘንበል ባሕርይ ያለው መሆኑ መዘንጋት የለባቸውም። ይህም ሆኖ ያ «ምክር ብቻ» የተባለው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር የተደረገ የግማሽ ሰዓት ቆይታ ነበር። ከ60 በላይ ሕሙማን በሚጠብቁበት የተመላላሽ ክፍል ለአንድ ሰው የሚደርሰው የምክር ጊዜ የዚያን ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በጥናቱ ደካማ ተብሎ ለማነጻጸሪያ የተቀመጠው አገልግሎት ራሱ በብዙ ተቋማት ካለው የተሻለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው «ትራያምፍ» የተባለ ጥናት ይህንኑ ልዩነት ይበልጥ አጉልቶታል። ብዙ ዓይነት መድኃኒት እየወሰዱ ግፊታቸው አልወርድ ያለ 140 ሕሙማን ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለአራት ወራት በየሳምንቱ የአመጋገብ ሥልጠናና በሳምንት ሦስት ጊዜ በባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴ አገኘ፤ ሌላኛው አንድ የትምህርት ቆይታና የጽሑፍ መመሪያ ተሰጠው። የላይኛው ግፊት በመጀመሪያው ቡድን 12.5፣ በሁለተኛው 7.1 ሚሊ ሜትር ወረደ። ጽሑፉ ዋጋ የለውም አይባልም፤ ሆኖም ሰው የሚያጅበውን አያህልም።

ከ60 እስከ 80 ዓመት የሆናቸውን 975 አረጋውያን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው «ቶን» የተባለው ጥናትም ጨው በመቀነስ መድኃኒት ማቋረጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቋል። ጨው በቀነሱት ላይ ግፊት የማገርሸት፣ መድኃኒት እንደገና የማስፈለግ ወይም የልብና የደም ሥር ችግር የመከሰት ዕድል በ31 በመቶ ያህል አንሷል። ይህም የተገኘው በአንድ ቀን ንግግር ሳይሆን ወራት በፈጁ ተከታታይ ስብሰባዎች ነው። ከሁሉም የሚወጣው ድምዳሜ አንድ ነው፤ የሠራው ድግግሞሹ፣ ክትትሉና ልኬቱ ነው።

ባሕር ተሻግሮ የመጣ በራሪ ወረቀት

የምክሩ ጊዜ ማጠሩ አንድ ችግር ሲሆን ይዘቱ ሌላ ችግር ነው። በብዙ ጤና ተቋማት ግድግዳ ላይ የሚለጠፉና ለታካሚ የሚሰጡ ትምህርቶች መነሻቸው የምዕራቡ ዓለም ማዕድ ነው። «የታሸጉ ምግቦችን አስወግዱ፣ የምርቱን መግለጫ አንብቡ፣ ገበታ ላይ የጨው ዕቃ አታስቀምጡ» ይላሉ። በእንግሊዝ አገር ይህ ምክር ትርጉም ይሰጣል፤ እዚያ አብዛኛው ጨው ወደ ሰው የሚገባው ከፋብሪካ በወጣ ዳቦ፣ ሥጋና አይብ ነውና። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት ከምግብ አምራቾች ጋር ተስማምቶ በምርቶቹ ውስጥ ያለውን ጨው ደረጃ በደረጃ ሲያስቀንስ፣ የሕዝቡ አማካይ የቀን ጨው ከ9.5 ግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 8.1 ግራም ወርዷል። ሸማቹ ለውጡን ሳያውቀው ጥቅሙ ደርሶታል።

በኢትዮጵያ ግን የጨው መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ብሔራዊ የጤና ጠንቆች ዳሰሳ የአዋቂውን አማካይ የቀን ጨው 8.3 ግራም፣ ከፍ ያለ የደም ግፊት ያለበትን የሕዝብ ድርሻ ደግሞ 16 በመቶ ገደማ አድርጎታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ነው። ይህ ጨው በአብዛኛው ከታሸገ ምግብ የመጣ አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ከቅመሙ ጋር ሲፈጭ ይጨመርበታል፤ ሚጥሚጣውና አዋዜው የራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። በመጨረሻም ወጡ ከመውረዱ በፊት ተቀምሶ ይጨመርበታል። በከተማ ደግሞ የሾርባ ኪዩብ ታክሎበታል። በየደረጃው የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ማንም ብዙ ጨው እንደጨመረ አይሰማውም። «ጨው አልበላም» የሚል ታካሚ ብዙ ጊዜ አይዋሽም፤ ገበታ ላይ አይነሰንስም ማለቱ ነው። የተጠየቀው ስለ ገበታ ነውና መልሱም ስለ ገበታ ሆነ።

የዳሽ ምግብ ዝርዝርም እንዳለ ሲተረጎም ያው ችግር ይገጥመዋል። ዝርዝሩ በቀን ከ8 እስከ 10 ጊዜ የሚቀርብ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ከ2 እስከ 3 ጊዜ ደግሞ ቅባቱ የተቀነሰ የወተት ተዋጽኦ ይጠይቃል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመን በዓመት ከ180 በላይ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይጾማል፤ ለእርሱ የወተቱ ምክር የግማሽ ዓመት ምክር ብቻ ነው። በአንጻሩ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር ክክ፣ ጎመን፣ ድንችና ቀይ ሥር በጾም ማዕድ ላይ አሉ፤ ፖታሲየምና አሰር ይዘዋል። የአገሩ ማዕድ ለዳሽ መርሕ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው የተተረጎመው ዝርዝር ነው። ከጾም ጋር የሚነሳው ሌላው ጉዳይም የመድኃኒት ሰዓት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ የማይቀምስ ወይም የረመዳንን ጾም የያዘ ታካሚ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ መቼ እንደሚወስድ ካልተነገረው፣ ወይ ክኒኑን ይተዋል፣ ወይ ውኃ ሳይጠጣ ሽንቱን ሲያበዛ ይውላል።

«ክብደት ቀንስ» እና «ስፖርት ሥራ» የሚሉት ትእዛዛትም እንዲሁ ታካሚውን ሳያዩ ይሰጣሉ። ቀኑን ሙሉ በቢሮ ተቀምጦ የሚውል የከተማ ነዋሪና ገበያ ለመድረስ ሰዓታት የሚጓዝ ገበሬ አንድ ዓይነት ምክር አያስፈልጋቸውም። ክብደቱ ቀድሞውኑ ከሚገባው በታች የሆነ ታካሚ ክብደት እንዲቀንስ መንገር ደግሞ ጉዳት ነው። በአንጻሩ ለብዙ ታካሚዎች ወሳኝ የሆኑት ጫትና አረቄ በትርጉም ወረቀቶቹ ላይ አይገኙም ወይም በአንድ ቃል ይታለፋሉ። ጫት በሚቃምበት ሰዓት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቅሞ የመጣን ሰው ግፊት ለክቶ መድኃኒት መጨመር፣ ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ የሚያስከትለው ስሕተት ነው።

ታካሚው አንድ ሰው፣ ማዕዱ የብዙ

የአኗኗር ለውጥ ምክር ከሁሉ በላይ የሚስተው የምግብን ባለቤት ነው። በምክር ክፍሉ የተቀመጠው ሰው ጨው እንዲቀንስ ይነገረዋል፤ ወጡን የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ሚስት፣ እናት፣ ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ። ምግቡም ከአንድ መሶብ በጋራ ይበላል። ለአንዱ የቤተሰብ አባል የተለየ ወጥ መሥራት ተጨማሪ ማገዶ፣ ጊዜና ድስት ይጠይቃል፤ ከዚያም በላይ በሽተኛውን ከማዕዱ ይነጥለዋል። ጨው በዚህ አገር ከማጣፈጫነት አልፎ ክብር ያለው ነገር ነው። አሞሌው ለዘመናት በገንዘብነት አገልግሏል፤ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለውም ምሳሌ የሰውን ዋጋ በጨው ይለካል። በዚህ ባህል ጨው የጎደለው ወጥ ለእንግዳ ማቅረብ የባለቤቷን ሙያ ያስነቅፋል። ይህን ሁሉ በአንዲት ትእዛዝ ለማፍረስ መሞከር ከንቱ ነው።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያን ሁኔታ የሚመስለው የገጠር ቻይና ልምድ ነው፤ እዚያም ጨው በአብዛኛው የሚገባው በቤት ወጥ ቤት ነውና። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ በሰሜን ቻይና በ28 ትምህርት ቤቶች የተካሄደ ጥናት ያስተማረው ሕሙማንን ሳይሆን የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ነበር። ልጆቹ የተማሩትን ይዘው ወደ ቤት በመሄድ ምግብ የሚያበስለውን ሰው እንዲያግባቡ ተደረገ። ከአንድ የትምህርት ወሰነ ትምህርት በኋላ የአዋቂ ቤተሰቦቻቸው ጨው፣ ትምህርቱ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በቀን 2.9 ግራም፣ የላይኛው ግፊታቸውም 2.3 ሚሊ ሜትር ቀነሰ። ቅናሹ ለአንድ ሰው ትንሽ ቢመስልም የተገኘው ሐኪም ዘንድ ባልሄዱ ሰዎች ላይ ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሌላው የቻይና ጥናት ከዚህም ይልቃል። በ600 መንደሮች የሚኖሩ 20,995 ሰዎች፣ ስትሮክ የደረሰባቸው ወይም 60 ዓመት የሞላቸውና ግፊታቸው ያልተቆጣጠረ፣ ተሳተፉበት። በግማሾቹ መንደሮች ከተለመደው ጨው ይልቅ ከሩብ ገደማው ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ጨው በነጻ ታደለ። አምስት ዓመት በተጠጋ ክትትል ስትሮክ በ14 በመቶ፣ የሞት መጠን በ12 በመቶ ቀነሰ። ምግቡ አልተለወጠም፤ ጣዕሙም ብዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጨው ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ባወጣው መመሪያ፣ የኩላሊት ሕመም የሌለባቸውና ነፍሰ ጡር ያልሆኑ አዋቂዎች ተራውን የገበታ ጨው በዚህ ዓይነቱ እንዲተኩ በቅድመ ሁኔታ መክሯል። ለኩላሊት ሕሙማንና እንደ ስፓይሮኖላክቶን ያለ ፖታሲየም የሚያቆይ መድኃኒት ለሚወስዱ ግን የፖታሲየም መብዛት አደጋ ስለሆነ ጥንቃቄው መላላት የለበትም።

ኢትዮጵያ ጨውን በመላ አገሪቱ መለወጥ እንግዳዋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ተደርጓል። ለእንቅርት መከላከያ ጨውን መለወጥ ከተቻለ ለስትሮክ መከላከያም ማሰብ ይቻላል። የሁለቱ ዓላማ እንዳይጋጭ ግን የሚተካውም ጨው አዮዲን ያለው መሆን ይገባዋል፤ ጨው ቀንሱ የሚለው ትምህርትም አዮዲን የሌለውን ጥሬ ጨው የሚያስመርጥ መሆን የለበትም።

የዘገየ መድኃኒትና የተጫነ ጥፋት

ደካማው ምክር ሁለት ጉዳቶችን ያስከትላል። የመጀመሪያው መዘግየት ነው። «መጀመሪያ በአኗኗር ለውጥ ይሞከር» ተብሎ ግፊቱ ከ140/90 በላይ የሆነ ታካሚ ለወራት ያለ መድኃኒት የሚቆይበት አሠራር አለ። ሙከራው እውነተኛ መርሐ ግብር ቢኖረው ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለተነገረው ሰው ግን ሙከራ እንደተደረገ መቁጠር አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ከፍተኛ ግፊት መኖሩ ከተረጋገጠ መድኃኒት ከአራት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መጀመር አለበት፤ ግፊቱ 160/100 ከደረሰ ወይም የአካል ክፍል ጉዳት ከታየ ሳይዘገይ ይጀመራል። የአኗኗር ለውጥ ከመድኃኒት ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ እንጂ የመድኃኒት በር ጠባቂ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳት በግንኙነቱ ላይ የሚደርሰው ነው። «አልተከተለም» ተብሎ የተጻፈበት ታካሚ ቀስ በቀስ እውነቱን መናገር ያቆማል። ክኒኑን እንዳቋረጠ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው እንደሞከረ፣ ግፊት በንዴት የሚመጣ ስለሚመስለው ደኅና ሲሰማው መድኃኒት እንደማይወስድ አይናገርም፤ ተግሣጽ ይፈራልና። ምክር በተግሣጽ መልክ ሲሰጥ፣ ለሕክምናው የሚያስፈልገው መረጃ ራሱ ይደበቃል።

በአንጻሩ የጤና ባለሙያው መከላከያ ሐሳብ ሚዛን የሚደፋ ነው። ጊዜ የለም፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ የለም፤ የማስተማሪያ ክፍል የለም። ይህ እውነት ነው፤ ነቀፌታውም በዋነኛነት በግለሰብ ባለሙያ ላይ ሳይሆን፣ መርሐ ግብር ሳያዘጋጅ የመርሐ ግብር ውጤት በሚጠብቀው አሠራር ላይ ነው። ሆኖም ያለው አቅም ሁሉ ሥራ ላይ ውሏል ማለት አይቻልም።

በእጅ ባለው አቅም

የመጀመሪያው ማሻሻያ ጥያቄውን መለወጥ ነው። «ጨው ይበላሉ?» ከማለት «ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራው ማነው? በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል? በወር ስንት ኪሎ ጨው ትገዛላችሁ?» ማለት ይሻላል። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ስሌት አለው። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤት፣ ሁሉም አዋቂ እንኳ ቢሆኑ፣ በቀን ለአንድ ሰው 5 ግራም ሲታሰብ በ30 ቀን ከ750 ግራም በላይ ሊፈጅ አይገባም፤ በብሔራዊው አማካይ በ8.3 ግራም ከሄደ ግን ከ1 ኪሎ ከ200 ግራም ያልፋል። ከብት ያለው ቤት ለከብቱ የሚሰጠውን፣ ድግስ ያደረገም ለድግሱ የዋለውን መቀነስ፣ ከውጭ የሚበላውንና ተዘጋጅቶ የተገዛውን በርበሬና ሽሮ ደግሞ በሐሳብ መጨመር ያስፈልጋል። ስሌቱ ግምት ቢሆንም በሚቀጥለው ቀጠሮ ሊጠየቅና ሊነጻጸር የሚችል ቁጥር ይሰጣል። «ጨው ቀንሱ» የሚለው ትእዛዝ ግን መለኪያ የለውም።

ሁለተኛው፣ የምክሩ ተቀባይ ወጥ የሚሠራው ሰው እንዲሆን ማድረግ ነው። «በሚቀጥለው ቀጠሮ ወጥ የሚሠራውን ሰው ይዘው ይምጡ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከብዙ በራሪ ወረቀት ይልቅ ይሠራል። ለዚያ ሰው የሚሰጠው ምክርም ለአንዱ በሽተኛ ተብሎ ሳይሆን ለመላው ቤት ተብሎ መሰጠት አለበት፤ በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው እንዲዘጋጁ፣ ጨው ወጡ ከመውረዱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ በማንኪያ ተለክቶ እንዲገባ፣ መጠኑም በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እንዲቀንስ። ምላስ ያነሰ ጨውን በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል።

ሦስተኛው፣ የመድኃኒት መሙያ ቀንን የቡድን ቀን ማድረግ ነው። የደም ግፊት ሕሙማን በአንድ ጠዋት አብረው ሲጠብቁ፣ ግፊታቸው ከተለካ በኋላ አንድ ነርስ ለ20 ደቂቃ በአንድ ርዕስ ላይ ብታወያያቸው፣ ወሩ ሲደመር የፕሪሚየርን ያህል ባይሆንም ከዜሮ የሚበልጥ ድግግሞሽ ይገኛል። ግፊቱ የወረደለት ታካሚ ለጎረቤቱ የሚናገረው ባለሙያው ከሚናገረው ይበልጥ ይደመጣል።

አራተኛው በቤት ደረጃ የሚደረገው ክትትል ነው። በባንግላዴሽ፣ በፓኪስታንና በስሪ ላንካ በ30 የገጠር ማኅበረሰቦች 2,645 የግፊት ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በየሦስት ወሩ ቤት ለቤት ሄደው ግፊት እንዲለኩና እንዲያስተምሩ፣ ሐኪሞችም ተገቢውን መድኃኒት እንዲያዙ ሲያደርግ፣ በሁለት ዓመት የላይኛው ግፊት ከተለመደው አገልግሎት ይልቅ በ5.2 ሚሊ ሜትር ወርዷል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እናቶችና ሕፃናት ዘንድ በመድረስ ብቃቱን አሳይቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወጥ ቤቱን ታውቀዋለች፤ ሐኪሙ አያውቀውም። መለኪያና የመላኪያ መንገድ ሳይሰጣት ግን አንድ ተጨማሪ ርዕስ ብቻ ብትሸከም፣ ምክር ከአንድ አፍ ወደ ሌላ አፍ ተዛወረ እንጂ መርሐ ግብር አልተፈጠረም።

በመጨረሻም የካርዱ አጻጻፍ ራሱ መለወጥ አለበት። «ተመክሯል» የሚለው ቃል ባለሙያው የተናገረውን እንጂ ታካሚው ያገኘውን አይመዘግብም። በምትኩ የትኛው አንድ ለውጥ እንደተመረጠ፣ ማን በቤት እንደሚፈጽመው፣ መነሻው ቁጥር ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚታይ ቢጻፍ፣ ተከታዩ ባለሙያ ከዚያ ይቀጥላል። ግፊቱ ካልወረደም የሚጠየቀው ታካሚው ብቻ መሆኑ ይቀርና፣ የተመረጠው ለውጥ፣ የተሰጠው ክትትልና የታዘዘው መድኃኒት አብረው ይመረመራሉ። «ምክሩን አልተከተለም» ብሎ ከመጻፍ በፊት ሊከተለው የሚችል ነገር ተሰጥቶት እንደነበር ማረጋገጥ የባለሙያው ድርሻ ነው።